ማርሚታን ማሻሻልና ማርሚታን መቁረጥ

መኪና ያለው ሰው ሁሉ ስለ ሞተሩ ይጨነቃል፤ ስለ ጎማው ያስባል፤ ቀለሙ ሲደበዝዝም ያዝናል። ከመኪናው ወለል በታች ጭቃና አቧራ ለብሶ፣ ከሞተሩ እስከ ኋለኛው ጫፍ የተዘረጋውን የጭስ ማውጫ ግን የሚያስታውሰው በሁለት ምክንያት ብቻ ነው። ይኸውም ወይ ዝጎ መንኳኳት ሲጀምር፣ ወይም አንድ ወዳጁ «ይህን ነገር ብታስቆርጠው መኪናህ ትበርራለች» ብሎ ሲመክረው ነው።

ይህ ዕቃ በጋራዥ ቋንቋ ማርሚታ ይባላል። ቃሉን የወረስነው ከጣሊያኖች ሲሆን፣ በእነርሱ ዘንድ የመጀመሪያ ፍቺው ድስት ማለት ነው። ስሙም ያለ ምክንያት አልተሰጠውም፤ ማርሚታ ባዶ ቱቦ ሳይሆን የሞተሩ ጩኸት ታፍኖ የሚበርድበት ክዳን ያለው ዕቃ ነውና።

ማርሚታን ማሻሻል የተነወረ ሥራ አይደለም። የዛገውን በማይዝግ ብረት መለወጥ፣ የጠበበውን በልክ ማስፋት፣ የሚያፈሰውን መድፈን ባለመኪናን ሁሉ የሚጠቅም ነገር ነው። ነገር ግን ማሻሻል ሌላ፣ መቁረጥ ሌላ ነው። የዛሬው ንግግራችን የሁለቱን ልዩነት ለማስረዳት የታሰበ ነው። በራዲዮ የሰማችሁት አሁን በጋዜጣ ስታነቡት በዝግታ እንድትመለከቱት፣ ያልሰማችሁትም ከባለሜካኒኩ ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት እንድታነቡት እንለምናችኋለን።

ለዚህ ንግግር ያነሣሣኝ በራሴ ቤተ ሰብ ላይ የደረሰ ነገር ነው።

በ2011 ዓ.ም በጥር ወር ከታላቅ ወንድሜ ቤተ ሰብ ጋር ከአዲስ አበባ ተነሥተን፣ አጎታችንን ለመጠየቅ ወደ አርብ ገበያ ሄድን። አርብ ገበያ በደቡብ ጎንደር የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ነው። መንገዱ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ይወርዳል፤ ወደ ደጀን ይወጣል፤ በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር አልፎ ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። ከዚያ ደብረ ታቦርን አልፎ በጉና ተራራ ግርጌ ወደ ንፋስ መውጫ ይዘልቃል። ወደ አርብ ገበያ የሚሄድ ሰው ከዚህ አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ይገነጠላል።

የወንድሜ መኪና ያገለገለች ቶዮታ ኮሮላ ነበረች። ከጉዞው በፊት ወደ አንድ ጋራዥ ወስዶ «ዳገት ላይ ትደክማለች» ብሎ ቢናገር፣ ሜካኒኩ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ወጣና «ጌታዬ፣ ይህች መኪና ታፍናለች፤ እስትንፋስ ያስፈልጋታል» አለው። ከዚያም ካታላይዘር የሚባለውን ሳጥን ቆርጦ አወጣና በምትኩ ቀጥ ያለ ቱቦ በየደበት። የኋለኛውንም ማርሚታ በትንሽ ለውጦ፣ ቱቦው እስከ መኪናዋ ጫፍ ሳይደርስ ከኋለኛው ጎማ አጠገብ እንዲያበቃ አደረገው። ለሥራው ያስከፈለው ጥቂት ነበር፤ አሮጌውንም ሳጥን «እኔ እጥለዋለሁ» ብሎ አስቀረው። ወንድሜ አመስግኖ ሄደ።

መኪናዋ በእርግጥ ትጮህ ጀመር። ጩኸቷንም እንደ ጉልበት ቆጠርነው። የአባይን ዳገት ስንወጣ ግን እንደ ወትሮዋ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ነበር የወጣችው። ባሕር ዳር አድረን በማግስቱ አርብ ጉዟችንን ቀጠልን። ከደብረ ታቦር በኋላ ብርዱ ስለ በረታ መስኮቱን ሁሉ ዘጋን። በኋለኛው ወንበር የወንድሜ ባለቤትና የ6 ዓመት ልጃቸው ተቀምጠው ነበር። ልጅቱ መጀመሪያ «ራሴን አመመኝ» አለች፤ እናቷም የመንገድ ድካም መስሏት አቀፈቻት። ትንሽ ቆይታ አንቀላፋች። ንፋስ መውጫ ደርሰን ሻይ ለመጠጣት ስንቆም ብንጠራት፣ ብንነቀንቃት አልነቃ አለች።

ወንድሜ በሁለት እጁ ታቅፏት ከመኪናው ወጣ። ነፋሱ ፊቷን ሲመታት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዓይኗን ገለጠች፤ አስመለሳት፤ ከዚያም አለቀሰች። የልጅ ልቅሶ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ የሰማሁበት ጊዜ የለም። እናቷም ራሷን ይዛ ነበር፤ ከፊት የተቀመጥነውም ግንባራችንን ይወጋን ነበር። በጤና ጣቢያ ያየን ባለሙያ የመጀመሪያ ጥያቄው «መኪናችሁ ጭስ ወደ ውስጥ ያስገባል ወይ?» የሚል ነበር።

የቀረውን መንገድ መስኮቱን ከፍተን፣ ጋቢ ተከናንበን ሄድን። አርብ ገበያ፣ ስሙ እንደሚነግረን፣ የሚገበየው በዕለተ አርብ ነውና የመኪናችን ጩኸት በቅሎውንና አህያውን አስደነበረ፤ የአንዲት እናት የጤፍ ቁናም ተደፋ። እኒያን እናት ይቅርታ ጠይቀን ካሥናቸው። አጎታችን ግን ነገሩን ሁሉ ከሰሙ በኋላ «ልጆቼ፣ እኛ እንኳ ማድቤት ስንሠራ አስቀድመን ጭሱ በየት እንደሚወጣ እናያለን። እናንተ የተማራችሁት እንዴት ጭሱን በልጃችሁ ላይ መለሳችሁት?» አሉን። ያን ጊዜ መልስ አልነበረንም። ይህ ንግግር ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

ሞተር እንዴት ይተነፍሳል?

የመኪና ሞተር በአራት ምት ይሠራል። በመጀመሪያው አየርና ነዳጅ ይስባል፤ በሁለተኛው ያምቃል፤ በሦስተኛው ያቃጥላል፤ በአራተኛው የተቃጠለውን ያስወጣል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር በደቂቃ 1,500 ጊዜ ጭስ ይተፋል። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር እንግዲህ በአንድ ሰኮንድ 100 ጊዜ ይተፋል ማለት ነው። ጩኸቱም የሚመጣው ከዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ትፍታ እንደ ትንሽ ጥይት ነውና።

ማርሚታው ይህን ጩኸት የሚያበርደው በውስጡ በተከፈሉት ክፍሎችና በተበሳሱት ቱቦዎች ነው። የድምፁ ሞገድ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተመለሰ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ጭሱ ግን መንገዱን ይቀጥላል። ስለዚህ ድምፅ የበረደለት መኪና ሁሉ የታፈነ መኪና አይደለም፤ የሚጮህም ሁሉ የበረታ አይደለም።

ቱቦው ከልክ በላይ ቢጠብብ ጭሱ በሚገባ ሳይወጣ ይቀርና ለአዲሱ አየር ቦታ ያሳጣል፤ ይህ እውነት ነው። የውድድር መኪናዎች ሰፊ ቱቦ የሚደረግላቸው ሞተራቸው ሁልጊዜ በከፍተኛ ዙር ስለሚሠራና የሚያስወጡት ጭስ ብዙ ስለ ሆነ ነው። ነገር ግን ቱቦው ከልክ በላይ ቢሰፋም ጉዳት አለው። ጭሱ በሰፊው ቱቦ ውስጥ ፍጥነቱን ያጣል፤ ይበርዳል፤ ቀድሞ የወጣው ትፍታ ከኋላው ያለውን የመሳብ ኃይሉ ይደክማል። የዚህም ውጤት በዝቅተኛ ዙር፣ ማለትም በከተማ መንገድና በዳገት መነሻ ላይ፣ የመኪናው ጉልበት መቀነስ ነው። የፋብሪካው መሐንዲሶች የቱቦውን ስፋት የወሰኑት ይህን ሁሉ መዝነው ስለ ሆነ፣ ለቢሮና ለገበያ በምታገለግል መኪና ላይ ማርሚታ በመለወጥ የሚገኘው ጉልበት ቢበዛ ከመቶ ጥቂት እጅ አያልፍም።

ዳገቱ ጉልበቱን ወዴት ወሰደው?

ታዲያ የወንድሜ መኪና በዳገት ላይ የደከመችው ለምንድን ነው? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። መልሱ ከመኪናዋ ሥር ሳይሆን በአየሩ ውስጥ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ንፋስ መውጫ አካባቢ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ስለሚጠጋ ግፊቱ ወደ ሰባ ከመቶ ይወርዳል። ሞተር የሚሠራው በሚስበው አየር መጠን ስለ ሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ 3 እጅ ያህል ያጣል። በባሕር ዳርቻ 100 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በጋይንት ደጋ ላይ ወደ 70 ይወርዳል ማለት ነው። በ1860 ዓ.ም ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ የሰዎቻቸው ትንፋሽ በደጋው ላይ እንዳጠረ ሁሉ፣ የብረቱም ሞተር ትንፋሽ ያጥረዋል። እንግዲህ ከፍታው 30 የፈረስ ጉልበት ሲወስድ፣ ሁለት ወይም ሦስቱን ለማስመለስ ሲባል ማርሚታን መቁረጥ ምን ዓይነት ንግድ እንደ ሆነ እናንተው ፍረዱ።

ከፍታው ሌላም ነገር ያመጣል። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ያስፈልገዋል። ካርቡራቶር ያላቸው የቀድሞ መኪናዎች በቆላ የተስተካከለላቸውን የቤንዚን መጠን በደጋም ስለማይቀንሱ፣ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ጥቁር ጭስም ይወጣል። በኮምፒዩተር የሚመሩት አዳዲሶቹ ግን አየሩን ለክተው ቤንዚኑን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ የሚለኩበት መሣሪያ ካልተነካ በቀር።

የማይታየው ጭስ

ከሞተር ከሚወጡት ነገሮች ሁሉ የሚያስፈራው ጥቁሩ ጭስ ብቻ አይደለም። ይልቁንም የማይታየውና የማይሸተው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ይብሳል። ይህን ጋዝ በሌላ መልኩ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በብርድ ጊዜ ከሰል አቀጣጥለው ቤት ዘግተው ተኝተው ሳይነሡ የቀሩ ሰዎችን ወሬ ያልሰማ የለም፤ እነዚያን የገደላቸው ይኸው ጋዝ ነው። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ሰውየው ይተነፍሳል፤ ነገር ግን ደሙ ኦክሲጅን አያገኝም። ምልክቱም ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያም እንቅልፍ ነው። የሚያታልለውም ይህ እንቅልፍ ነው፤ የመንገድ ድካም ይመስላልና። በደጋ አገር ደግሞ ኦክሲጅኑ ቀድሞውንም ያነሰ ስለ ሆነ ጉዳቱ ይፈጥናል። ከትልልቆች ይልቅ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሱ ሕፃናትም ፈጥነው ይጎዳሉ።

ጋዙ በወንድሜ መኪና ውስጥ እንዴት ገባ? መኪና በፍጥነት ስትሄድ ከኋላዋ ያለው አየር ግፊቱ ይቀንስና ጭሱን ወደ ራሷ ትስባለች። ቱቦው ከመኪናው ጫፍ ያልፍ ዘንድ የሚደረገው ለዚህ ነው። ያ ሜካኒክ ግን በጎማው አጠገብ ስላስቀረው ጭሱ ከወለሉ ሥር ተከማችቶ በዕቃ መጫኛው ቀዳዳና ባረጀው የበር ጎማ በኩል ገባ። ብየዳውም በአንድ በኩል ክፍት ነበር። ከሁሉም በላይ ጋዙን ወደማይጎዳ ነገር የሚለውጠው ካታላይዘር አልነበረም።

ያ ሳጥን ምን ይሠራል?

ካታላይዘር ከውጭ ሲያዩት የብረት ሳጥን ነው። በውስጡ እንደ ማር እንጀራ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ የሸክላ ዓይነት ቁስ አለ፤ በቀዳዳዎቹም ግድግዳ ላይ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የሚባሉ ውድ ማዕድናት በስሱ ተቀብተዋል። ሳጥኑ ወደ 300 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ሥራውን ይጀምራል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ያልተቃጠለውን ቤንዚን ወደ ውሃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ደግሞ ወደ ተራ ናይትሮጅን ይለውጣል። በአጠገቡ ያለው የኦክሲጅን ሴንሰር ጭሱን እየለካ ቤንዚኑ እንዳይበዛም እንዳያንስም ለኮምፒዩተሩ ይነግራል። ማዕድናቱ ውድ ስለ ሆኑም አሮጌው ሳጥን ገበያ አለው። «እኔ እጥለዋለሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ይህን አስታውሱ።

የሳጥኑ ታሪክ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ አሪ ሐገን-ስሚት የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ ላይ የሚያንዣብበውና ዓይን የሚለበልበው ጭጋግ የመኪና ጭስ በፀሐይ ብርሃን ተለውጦ የሚፈጥረው መሆኑን አስረዳ። በዚያው ዘመን ዩጂን ሁድሪ የተባለ በአሜሪካ የሚኖር ፈረንሳዊ መሐንዲስ ጭሱን የሚያጠራ ሳጥን ሠራ። ነገር ግን በቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ ሳጥኑን ስለሚገድለው ሥራው ተጓተተ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 የአየር ንጽሕና ሕጓን ካጠበቀች በኋላ፣ ከ1975 ሞዴል ጀምሮ አብዛኞቹ የአሜሪካ መኪናዎች ካታላይዘር ለበሱ። በአውሮፓም እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የወጣው የመጀመሪያው የዩሮ ደረጃ ለአዳዲስ የቤንዚን መኪናዎች ካታላይዘርን የግድ አደረገ። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን እስከ 2006 መጀመሪያ ተዉ፤ በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያም በ2021 አቆመች። እንግዲህ ዛሬ በአገራችን የሚቀዳው ቤንዚን ይህን ሳጥን አይገድልም፤ የሚገድለው መጋዝ ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ለመገንዘብ የአውሮፓን የምርመራ ልክ እንይ። ካታላይዘር የሌላቸው የቀድሞ መኪናዎች በሚኒሞ ሲሠሩ በጭሳቸው ውስጥ እስከ 3.5 ወይም 4.5 ከመቶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈቀድላቸዋል። ካታላይዘርና ሴንሰር ላላቸው ግን የሚፈቀደው 0.5 ከመቶ፣ ከ2002 ወዲህ ለተመዘገቡት ደግሞ 0.3 ከመቶ ብቻ ነው። ይህ አሥር እጥፍ ያህል ልዩነት ነው።

ሳጥኑን የሚያስቆርጥ ሰው ሌላም ኪሳራ አለበት። ሴንሰሩ የሚለካው ነገር ስለሚለወጥ በመሪው ፊት የሞተር መብራት ይበራል። ብዙ ጊዜም መብራቱን ለማጥፋት ሲባል ሴንሰሩ ይነቀላል። ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ እንደ ዕውር ሆኖ ቤንዚኑን በግምት ያበዛል። ጉልበት ፍለጋ የጀመረው ሰው በመጨረሻ የሚያገኘው የነዳጅ ማደያ ደረሰኝ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል?

በ1900 ዓ.ም የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ሲገቡ ጭሳቸው ማንንም አላሳሰበም። ዛሬ ግን በአገራችን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪዎች ይንቀሳቀሳሉ። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። በ1995 ዓ.ም የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የአየር ጥራት ደረጃ እንዲወጣ ሲያዝ፣ በአንድ ቦታ ተተክለው ጭስ ከሚያወጡት ጋር የሚንቀሳቀሱትንም አንድ ላይ አይቷል፤ የድምፅም ልክ እንዲወሰን አድርጓል። እንዲሁም በ2002 ዓ.ም የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ተሽከርካሪዎች በየጊዜው የቴክኒክ ምርመራ እንዲደረግላቸው ያዛል፤ እኛ ቦሎ የምንለው የዚህ ምርመራ ምልክት ነው።

አንዳንድ ሰው ለምርመራው ቀን ደኅና ማርሚታ ተውሶ ይገጥምና በማግስቱ ይነቅለዋል። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በየቢሯችን የሰውን ማመልከቻ እየመረመርን የራሳችንን መኪና በተውሶ ዕቃ ብናሳልፍ፣ ያታለልነው መርማሪውን ሳይሆን ከኋላችን በእግሩ የሚሄደውን ሰው ነው።

ከዚህም በቀር መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወሳል። ይህ ማለት አሁን በእጃችን ያሉት የቤንዚንና የናፍጣ መኪናዎች እያረጁም ቢሆን ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ ማለት ነው። ስለዚህ ማርሚታቸውን በሚገባ መያዝ ከፊት ይልቅ ዛሬ ያስፈልጋል።

እንዴት እናሻሽለው?

አንደኛ፤ መኪናችሁ ከደከመች አስቀድማችሁ ምክንያቱን አስፈልጉ። የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ፣ ያረጀ ካንዴላ፣ ያልተስተካከለ ቫልቮላ ከማርሚታ ይልቅ ጉልበት ይሰርቃሉ። የጭሱም ቀለም ይናገራል፤ ጥቁር ሲሆን ነዳጅ በዝቷል፤ ሰማያዊ ሲሆን የሞተር ዘይት ይቃጠላል፤ ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ካላቆመ የራዲያተር ውሃ ወደ ሲሊንደር ይገባል። ናፍጣ ከሆነች ኖዝሉን አስመርምሩ። የናፍጣ ጭስ ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 አረጋግጧልና ጥቁር ጭስን አትናቁ።

ሁለተኛ፤ ካታላይዘሩንና ሴንሰሮቹን አታስነኩ። መለወጥ የምትፈልጉት ማርሚታ ከካታላይዘሩ በኋላ ያለው ይሁን። ካታላይዘሩ ራሱ ውስጡ ተሰብሮ ሲነካ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ወይም ከተደፈነ፣ ለዚያው ሞተር በተሠራ ሌላ ካታላይዘር ይለወጥ፤ ባዶ ሳጥን አይተካበት። ካንዴላ ሳይሠራ ለረጅም ጊዜ መንዳትም ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ሳጥኑ እየላከ ውስጡን ያቀልጠዋል።

ሦስተኛ፤ የቱቦው ስፋት ፋብሪካው ከሰጠው ብዙ አይራቅ። ሲታጠፍም ሳይጨማደድና ሳይጠብብ የታጠፈ መሆኑን እዩ፤ አንድ የተጨማደደ መታጠፊያ የሰፊውን ቱቦ ጥቅም ሁሉ ያጠፋዋል። ብረቱ ከተራ ላሜራ ይልቅ የማይዝግ ቢሆን ዋጋው ቢከብድም ዕድሜው ይከፍለዋል።

አራተኛ፤ ቱቦው ከመኪናው ኋለኛ ጫፍ ማለፉን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ከቤንዚን መስመርና ከፍሬን ቱቦ ይራቅ። በጎማ ማንጠልጠያ ይያዝ፤ ከሞተሩ ጋር አብሮ እንዲወዛወዝ ካልተደረገ ብየዳው ይሰነጠቃል። እንደ አርብ ገበያ ባለ የጠጠር መንገድ የምትሄዱ ከሆነ ዝቅ ብሎ የሚንጠለጠል ማርሚታ ድንጋይ ይመታዋል፤ ስለዚህ ከፋብሪካው ከፍታ ዝቅ አይበል።

አምስተኛ፤ በኤሌክትሪክ ከመበየዱ በፊት የባትሪው ገመድ ይነቀል፤ ካልሆነ ኮምፒዩተሩ ሊቃጠል ይችላል። በየመገጣጠሚያው አዲስ ጓርኒሲዮን ይግባ።

ስድስተኛ፤ ሥራው ሲያልቅ ፍሳሽ መኖሩን ፈትሹ። መኪናው በሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ በሚኒሞ ይሥራ፤ አንድ ሰው በእርጥብ ወፍራም ጨርቅ የቱቦውን ጫፍ ለጥቂት ሰኮንድ ይድፈን። ቱቦው ደኅና ከሆነ ሞተሩ ይጨነቃል፤ በመካከል ሲፍ የሚል ድምፅ ከተሰማ ግን ቀዳዳ አለ። በመገጣጠሚያ ላይ የሚታይ ጥላሸትም የፍሳሽ ምልክት ነው። ከዚያም ጭሱን በጋዝ መለኪያ ባለው የምርመራ ጣቢያ አስለክታችሁ ወረቀቱን ከሊብሬው ጋር አኑሩት።

ሰባተኛ፤ ካታላይዘር በጣም የሚግል ዕቃ ስለ ሆነ መኪናችሁን በደረቅ ሣር ወይም በአውድማ ገለባ ላይ አታቁሙ። በጉዞም ላይ ከአንድ በላይ ሰው ራሱን ካመመው የመንገድ ድካም ነው ብላችሁ አትለፉት፤ መኪናውን አቁሙ፤ በሩን ሁሉ ክፈቱ፤ ሰዎቹን ወደ ንጹሕ አየር አውጡ፤ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ።

ክቡራን አንባብያን፤ ወንድሜ ከጉዞው እንደ ተመለሰ ለመኪናው ሌላ ካታላይዘር ገዝቶ፣ ከኋላው የማይዝግ ማርሚታ አስገጠመ። ወጪው ቀድሞ ካስቆረጠበት ብዙ ጊዜ በለጠ። ድምፁ አሁን ለስለስ ያለ ነው፤ ቦሎም ያለ ተውሶ ያገኛል። ዳገት ላይ ግን መኪናዋ ዛሬም በሁለተኛ ማርሽ ነው የምትወጣው፤ የደጋውን አየር ማንም ሜካኒክ ሊያወፍረው አይችልምና። በሚቀጥለው ጊዜ አርብ ገበያ ስንገባ ከገበያተኛው ቀና ብሎ ያየን አልነበረም፤ አህያም አልደነበረም። ልጅቱ ከኋላ ወንበር ነቅታ መንገዱን ሁሉ ስትዘፍን ነበር። አጎታችንም በመኪናዋ ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞረው፣ ጎንበስ ብለው የቱቦውን ጫፍ ካዩ በኋላ «አሁን ጭሱ መውጫውን አገኘ» አሉን።